ፎቶው ከተነሳ በኋላ



እዚህ ከተሰበሰብነው ውስጥ አብዛኞቻችን በፎቶ እንጀራ አንበላም። መምህር አለን፣ ነርስ አለን፣ የባንክ ሠራተኛ አለን፣ ገና ተማሪ የሆነም አለ። ቀን ሥራችን ላይ ነን፤ ከሥራ ስንወጣ፣ ታክሲ ስንጠብቅ፣ ቅዳሜ ገበያ ስንወርድ ግን ፎቶ እናነሳለን። የምናነሳውም የጎረቤት ልጅ ነው፣ የታክሲ ሰልፍ ነው፣ ዝናብ በረንዳ ሥር ያጠራቀመው መንገደኛ ነው፣ የእናታችን ጓዳ ነው። ጋዜጣ ፊት ገጹ ላይ የማያወጣው፣ ማስታወቂያ ሠሪም የማይፈልገው ተራ ኑሮ።

የምሽቱ ንግግሬ ሐሳብ አንድ ነው፤ መጨረሻ ድረስ ሳላስጠብቃችሁ ልናገረው። ቁልፉ ሲጫን ፎቶው ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ቀሪውን ግማሽ የሚሄደው ሌላ ሰው አይቶት፣ ያየውን በቃል ተናግሮ፣ ያነሳውም ሰው ሰምቶ ሲመልስ ነው። እንደ እኛ ላለ አማተር ከአዲስ ሌንስና ከውድ ስልክ በፊት የሚያስፈልገው ያየውን ሳይደብቅ የሚነግረው ወዳጅ ነው። ለምን እንዲህ እንደምል ከሩቅ አገርም ከቤታችንም ምሳሌ አቀርባለሁ፤ ከዚያ እንዴት እንደሚደረግ እንነጋገራለን።

ከሩቁ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1861 አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ስትገባ፣ ፎቶ ሙያቸው ያልሆነ ጥቂት ሰዎች የአማተር ፎቶግራፍ ልውውጥ ክበብ መሠረቱ። አባላቱ ከ20 እንዳይበልጡ ወሰኑ። በየሁለት ወሩ እያንዳንዱ አባል ያነሳውን ፎቶ አጥቦና በካርቶን ላይ ለጥፎ ለሌሎቹ ሁሉ በፖስታ መላክ ነበረበት። ሒሳቡን አስቡት፤ ክበቡ ሲሞላ አንድ ሰው 19 ቅጂ በገዛ እጁ አዘጋጅቶ ይልካል፣ 19 የሌሎች ፎቶም በፖስታ ይደርሰዋል ማለት ነው።

በዚያ ዘመን ፎቶ ማንሳት ቀላል አልነበረም። መስታወት ላይ ኮሎዲዮን የሚባል ፈሳሽ ይቀባል፤ መስታወቱ ጨለማ ውስጥ በብር ጨው ይነከራል፤ ከዚያ ፈሳሹ ሳይደርቅ ፎቶው ተነስቶ፣ ሳይደርቅ መታጠብ አለበት። ይህ ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ካላለቀ ድካሙ ከንቱ ነው። ስለዚህ እነዚያ ሰዎች ፎቶውን ብቻ አይልኩም፤ በምን ሌንስ፣ በምን ኬሚካል፣ ምን ያህል ጊዜ አጋልጠው እንዳነሱት ከጀርባው ይጽፋሉ። የተቀበለው ሰው አይቶ፣ ሞክሮ፣ በደብዳቤ ይመልሳል። ከአባላቱ አንዱ የፊላደልፊያው መሐንዲስ ኮልማን ሴለርስ ነበር። ይህ ሰው በዚያው ዓመት ተከታታይ ፎቶዎችን እያዞረ እንቅስቃሴ የሚያሳይ መሣሪያ ፈጥሮ የባለቤትነት መብት አስመዝግቧል። ለመሣሪያው ያነሳው ምን ይመስላችኋል? ልጆቹ ሚስማር ሲመቱ ነው። ንጉሥ አላነሳም፣ ጦር ሜዳ አልወረደም፤ ግቢው ውስጥ ያለውን አነሳ።

ክበቡ ብዙ ዓመት አልቆየም። ያቋቋመው ልማድ ግን ዛሬም አለ፤ አንሳ፣ አሳይ፣ ስለ ፎቶህ ተናገር፣ የሌላውንም አይተህ መልስ።

ከዚያ ጆርጅ ኢስትማን መጣ። እ.ኤ.አ. በ1888 ኮዳክ የተባለውን ካሜራ በ25 ዶላር ለገበያ አቀረበ። በውስጡ ለ100 ፎቶ የሚበቃ ፊልም ተጭኖ ነው የሚሸጠው። ፊልሙ ሲያልቅ ካሜራው እንዳለ ሮቸስተር ወዳለው ፋብሪካ ይላካል፤ 10 ዶላር ሲከፈል ፎቶዎቹ ታጥበው፣ ካሜራው በአዲስ ፊልም ተሞልቶ ይመለሳል። የፋብሪካው ማስታወቂያም አንተ ቁልፉን ተጫን፣ ሌላውን ለእኛ ተወው የሚል ነበር። በ1900 ደግሞ ብራውኒ የተባለው ካሜራ በ1 ዶላር ወጣ፤ ልጆች ሳይቀሩ ፎቶ አንሺ ሆኑ።

ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ ያለ እሱ እኔም እናንተም እዚህ አልነበርንም። ነገር ግን አንድ ነገር አብሮ ሄደ። ቀድሞ ሰውን ከሰው ያገናኘው ችግሩ ነበር፤ ኬሚካሉ አልሠራ ያለው ሰው ጎረቤቱን ይጠይቃል፣ ጥያቄው ጨዋታን ይወልዳል። ሥራው ለፋብሪካ ሲተው ጥያቄውም ቀረ። ዛሬ ስልካችን ብርሃኑን ይለካል፣ ፊት ይለያል፣ ቀለሙን ያስተካክላል። ለመጠየቅ የሚያስገድደን ነገር የለም። ውይይቱን ካልፈለግነው በራሱ አይመጣም።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የፎቶግራፍ ባለሙያዎች ዓይናቸው ቤተ መንግሥቱ ላይ ነበር። አርመናዊው የቦያጂያን ቤተሰብ፣ ከአባት እስከ ልጆች፣ ከምኒልክ ጀምሮ እስከ ኃይለ ሥላሴ ድረስ የነገሥታቱን ምስል አንስቷል። ለታሪክ ትልቅ ቅርስ ነው። ተራው ሰው ግን የራሱን ታሪክ ያቆየው በፎቶ ቤት ነው፤ ጋራና ሐይቅ በተሳለበት መጋረጃ ፊት፣ አንድ እጅ ወንበር ላይ፣ አንድ እጅ ወገብ ላይ። ፎቶው ሲደርስ ከጀርባው «ለውድ ጓደኛዬ ለማስታወሻ» ይጻፍና ይሰጣል፤ የቀረው አልበም ውስጥ ይገባል።

አልበሙ ደግሞ የሚወጣው እንግዳ ሲመጣ ነው። ቡናው እስኪፈላ አልበሙ እንግዳው ጭን ላይ ይቀመጣል፤ አንዱ ዘመድ አጠገቡ ተጠግቶ ገጹን ይገልጣል። «ይሄ ማነው?» «ይሄማ አጎትሽ ነው፣ አሰብ ሳይሄድ በፊት።» «ኮቱስ?» «የጓደኛው ነው፤ ለፎቶ ተውሶ ነው።» እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የተውሶ ኮት መሆኑን ፎቶው አይናገርም። የሚናገረው ሰው ነው። ሰውየው ሲያልፍና አልበሙ ለብቻው ሲቀር፣ የሚታየን ኮት የለበሰ አንድ የማናውቀው ወጣት ብቻ ይሆናል።

ይህን የተረዱ ወጣቶች በመዲናችን ቪንቴጅ አዲስ አበባ በተባለ ሥራ ከየቤቱ አልበም ፎቶ እየጠየቁ ሰበሰቡ፤ እ.ኤ.አ. በ2018ም በመጽሐፍ አወጡት። ፎቶዎቹን ያነሱት ሰዎች ብዙዎቹ ታሪክ እያስቀመጥን ነው ብለው አላሰቡም፤ የልጅ ልደት፣ የጓደኞች ሽርሽር፣ አዲስ ልብስ ነው የያዙት። ዛሬ የዚያን ዘመን ኑሮ፣ የጸጉሩን አሠራር፣ የሳሎኑን ዕቃ፣ የወጣቱን ኩራት የምናየው ከሰልፍና ከሥነ ሥርዓት ፎቶ ይልቅ በእነሱ ነው።

ተራ ኑሮን ማሳየት ከቤትም ከአገርም የሚያልፍ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ፒተር ዲካምፖና ኦስቲን ሜሪል የተባሉ ሁለት ጋዜጠኞች ስለ ግጭት ሊዘግቡ አይቮሪኮስት ሄደው ነበር። እዚያ ሲደርሱ ለዘገባቸው የሚፈለገው ፎቶና በዙሪያቸው የሚያዩት ሕይወት አልገጠመላቸውም። ስለዚህ በስልካቸው ተራውን የዕለት ኑሮ ማንሳት ጀመሩ፤ ኤቭሪዴይ አፍሪካ ብለውም በኢንስታግራም አካፈሉት። የአህጉሩ ፎቶ አንሺዎች ገቡበት፤ በሌሎች አህጉራትም ተመሳሳይ ቡድኖች ተፈጠሩ። አፍሪካን በረሃብና በጦርነት ብቻ ለሚያውቅ ተመልካች፣ አንድ ሰው ተረጋግቶ ሻይ ሲጠጣ ማየት ራሱ ዜና ነው።

«እነሱ ባለሙያ ናቸው፣ እኔ ያለኝ ስልክ ነው» የሚል ካለ፣ ግርማ በርታን ያስታውስ። በራሱ የተማረ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። በመንገድ የሚያገኛቸውን ሰዎች፣ ሊስትሮውን፣ አዟሪውን፣ ተሸካሚውን በስልኩ አንስቶ፣ ከጀርባቸው ያለውን ግርግር አስወግዶ፣ በአንድ ደማቅ ቀለም ላይ ከነጥላቸው አቆማቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 ጌቲ ኢሜጅስና ኢንስታግራም ድጋፍ ከሰጧቸው ሦስት ፎቶ አንሺዎች አንዱ ሆነ። በየቀኑ አልፈናቸው የምንሄዳቸውን ሰዎች ቆመን እንድናያቸው አደረገን።

እሺ፣ ውይይቱ ታዲያ ምን ይመስላል? አንድ ፎቶ በቅርብ እንይ። እኔም ባለሁበት በአንድ የወዳጆች ቡድን ውስጥ አንድ ወጣት ያቀረበው ነው። እናቱ እንጀራ ስትጋግር አንስቷታል። አክንባሎውን ብድግ ያደረገችበት ቅጽበት ነው፤ እንፋሎቱ ተነስቶ ፊቷን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖታል። ወጣቱ «ፊቷ ስላልታየ ልሰርዘው ነበር» አለ።

የመጀመሪያዋ ተናጋሪ ስለ እናቱ ፊት አላነሳችም። «ሰፌዱን እዩት፤ ጠርዙ በጨርቅ ተጠግኗል» አለች። ሁላችንም አቀርቅረን አየን፤ እውነት ነው፣ በአበባ ጨርቅ ዙሪያው ተሰፍቷል። ሌላው ቀጠለ፤ «በሩ ጋ ትንሽ እግር አለ።» በፎቶው ግራ ጠርዝ ላይ፣ ከበሩ ጀርባ፣ አንድ ጫማ ያላደረገ የሕፃን እግር ይታያል። ትኩሱን እንጀራ የሚጠብቅ ልጅ ነው። ያነሳው ሰው ራሱ አላየውም ነበር። ሦስተኛው ጠየቀ፤ «ለምን ቆመህ አነሳኸው? በርከክ ብትልና በሩን ፊት ለፊትህ ብታደርገው ብርሃኑ ከእንፋሎቱ ጀርባ ይገባ ነበር። እንፋሎት ደምቆ የሚታየው ብርሃን ከኋላው ሲመጣ ነው።» በመጨረሻ አንዲት ሴት፣ «ለመሆኑ እናትህ አይተውታል?» አለችው። አላሳያትም ነበር።

ቤት ገብቶ አሳያት። የመጀመሪያ ቃሏ «ምነው ልጄ፣ ጓዳው ሳይጠረግ!» የሚል ነበር። ቀጥላ ግን ሰፌዱን አይታ እናቷ የሰፋችው መሆኑን ነገረችው። ወጣቱ እዚያ ቤት ውስጥ ሲያድግ ያንን ሰፌድ ሺህ ጊዜ አይቶታል፤ የአያቱ እጅ መሆኑን ግን አያውቅም ነበር። በሌላ ቀን ዝቅ ብሎ፣ ብርሃኑን ከኋላ አድርጎ እንደገና አነሳት። ሁለተኛው ፎቶ በውበት ይበልጣል፤ የሕፃኑ እግር ግን የለበትም። አሁንም የትኛው ይሻላል በሚለው አልተስማማንም፤ አለመስማማታችን ደግሞ ሁላችንንም ሁለቱን ፎቶዎች ደጋግመን እንድናይ አድርጎናል።

በእኛ ዘንድ ይህን መሰሉን ጨዋታ የሚያበላሸው ይሉኝታ ነው። ጓደኛችን ፎቶ ሲያሳየን «ውይ ሲያምር!» ብለን ስልኩን እንመልስለታለን። በቴሌግራም ከሆነ የእሳት ምልክት፣ የልብ ምልክት እንልካለን። ክፋት የለውም፤ ነገር ግን አንሺው ምን አተረፈ? ምኑ እንዳማረ አልተነገረው፤ በሚቀጥለው ምን ማድረግ እንዳለበት አላወቀም። በተቃራኒው ማንነታችን የማይታወቅበት ቦታ ስንገባ ይሉኝታችን ሙልጭ ብሎ ይጠፋና «ይሄ ደግሞ ፎቶ ነው?» እንላለን። ሁለቱም ንግግሮች አንድ ናቸው፤ ፎቶውን ሳያዩ ሊነገሩ ይችላሉ። አበው «የሚወድህ ያስለቅስሃል፣ የሚጠላህ ያስቅሃል» ብለዋል። እኔ የሚወደን ሰው የግድ ያስለቅሰን አልልም፤ ቢያንስ ፎቶውን አይቶ ይናገር።

ላይክን በተመለከተም ጥቂት ልበል። ላይክ የሚበዛለት ፎቶ ሁሉም በአንድ ሰከንድ የሚገባው ነው፤ የፀሐይ መጥለቂያ፣ ሳቂታ ሕፃን፣ የተንቆጠቆጠ ሙሽራ። የተጠገነ ሰፌድ አንድ ሰከንድ አይበቃውም። ላይክ እየቆጠርን ካነሳን ሳናውቀው ሁላችንም አንድ ዓይነት ፎቶ እናነሳለን፤ ከጓዳችን፣ ከሰፈራችን፣ ሌላ ማንም ሊያነሳው ከማይችለው ነገር እንርቃለን። ሺህ ላይክ ካገኘ ፎቶ ይልቅ አምስት ሰው ሩብ ሰዓት የተከራከረበት ፎቶ አንሺውን ያሳድገዋል።

ሳያሳዩ የመቅረትን ነገር ደግሞ ከቪቪያን ማየር እንማር። እ.ኤ.አ. በ1926 ኒው ዮርክ የተወለደች፣ ዕድሜዋን በአብዛኛው ቺካጎ ውስጥ በሞግዚትነት የኖረች ሴት ናት። የሌሎችን ልጆች እያሳደገች፣ ሮለይፍሌክስ ካሜራዋን ደረቷ ላይ አንጠልጥላ መንገድ ለመንገድ ታነሳ ነበር። ከ100 ሺህ በላይ ኔጋቲቭ ትታለች፤ ያልታጠበ ፊልምም ነበረበት። ለሰው አሳይታ አታውቅም ማለት ይቻላል። በ2007 የዕቃ ማስቀመጫዋ ኪራይ ባለመከፈሉ ንብረቷ በጨረታ ተሸጠ፤ ፎቶዎቹ የተገኙት በዚያ አጋጣሚ ነው። እሷ በ2009 ስታርፍ ዓለም ገና አላወቃትም ነበር። ዛሬ ሥራዋ በትልልቅ አዳራሾች ይታያል። ፎቶዎቹ በዕድል ተርፈዋል፤ ሴትዮዋን ግን «እዚህ ጋ ለምን ቆምሽ? ይህቺ ሴት ምን አለችሽ?» ብሎ የሚጠይቃት አልተገኘም። ዕድል ኔጋቲቭ ያተርፋል፤ ንግግርን አያተርፍም።

እንግዲህ እንዴት እናድርገው? ከልምድ ያየሁትን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ከመፍረድ በፊት መናገር። ወደድኩ አልወደድኩ ከማለታችን በፊት የምናየውን እንዘርዝር፤ ሰፌድ አለ፣ እግር አለ፣ ብርሃኑ ከቀኝ ነው። የማንወደውም ፎቶ ሲዘረዘር ያላየነውን ያሳየናል።

ሁለተኛ፣ ያነሳው ሰው መጀመሪያ ዝም ይበል። አንሺው ቀድሞ «እዚህ ላይ ማሳየት የፈለግኩት…» ካለ፣ ሌሎቻችን የምናየው የተነገረንን ነው። ሁሉም ተናግሮ ሲጨርስ እሱ ይናገር፤ በዚያን ጊዜ ያሰበውና የታየው ምን ያህል እንደተራራቁ ራሱ ይሰማዋል።

ሦስተኛ፣ ስለ ካሜራ የሚነሳው ጥያቄ መጨረሻ ላይ ይሁን። «በምን አነሳኸው?» ከተባለ ጨዋታው ወደ ዋጋና ወደ ሞዴል ይሄዳል፤ ከዚያ አይመለስም።

አራተኛ፣ ጥቂት ፎቶ። አንድ ሰው 40 ፎቶ በአንድ ጊዜ ቡድኑ ውስጥ ቢለቅ ማንም አንዱንም አያይለትም። አንድ ይምረጥ። ምርጫው ራሱ ትምህርት ነው።

አምስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው፣ የፎቶው የመጀመሪያ ተመልካች በፎቶው ውስጥ ያለው ሰው ይሁን። በየመንገዱ «ለምን ታነሳኛለህ?» ተብለን እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስ ይፈልጋል። ቆመን ሰላምታ ብንሰጥ፣ ፎቶውን ብናሳይ፣ ሰውየው «አጥፋው» ካለ ብናጠፋ፣ «ላክልኝ» ካለ ደግሞ ብንልክለት ነገሩ ይለወጣል። ሕፃናትን፣ የታመመን፣ ሐዘን ላይ ያለን፣ ጎዳና ላይ የተኛን ሰው በተመለከተ ፈቃድ የሚሰጠን ሰው በሌለበት ካሜራችንን ዝቅ እናድርግ። ችግሩን እያሳየሁ ነው የሚል ካለ፣ ያ ሰው ነገ ፎቶውን በልጁ ስልክ ላይ ቢያየው ደስ ይለው እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ።

በመጨረሻ ስለ ማስቀመጥ። የድሮው ፎቶ ጀርባ ነበረው፤ የስልክ ፎቶ ጀርባ የለውም። ስለዚህ ስንልክ ማን፣ የት፣ መቼ የሚለውን ከፎቶው ጋር እንጻፍ። ዓመቱን ስንጽፍ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. እንለይ፤ «1998» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ፎቶ ለልጆቻችን የሰባት ስምንት ዓመት እንቆቅልሽ ይሆንባቸዋል። በቴሌግራም በፎቶ መልክ የሚላክ ምስል ተጨምቆ ጥራቱ ይቀንሳል፤ ማስቀመጥ የምንፈልገውን በፋይል መልክ እንላክ። ስልክ ይሰረቃል፣ ይወድቃል፣ ይበላሻል፤ ሌላ ቦታ ቅጂ ይኑር። ከሁሉም በላይ በዓመት ጥቂቶቹን እናሳትም። የታተመ ፎቶ እንግዳ ጭን ላይ ይቀመጣል፣ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፣ «ይሄ ማነው?» ያስብላል።

ወዳጆቼ፣ ይህን የምለው ሁላችንም አንድ ቀን ኤግዚቢሽን እንድናቀርብ አይደለም። ከሰፈራችሁ ታክሲ ሰልፍ፣ ከእናታችሁ ጓዳ፣ ከቢሯችሁ መስኮት የሚታየውን ለማንሳት ከእናንተ በተሻለ ቦታ የቆመ ሰው የለም። የትኛውም ታላቅ ፎቶ አንሺ ያንን በር ከፍቶ አይገባም። ያነሳችሁትን ግን ከሰው ጋር ካላያችሁት ለራሳችሁም ግማሹ አይታያችሁም።

ስትመጡ አንድ የታተመ ፎቶ ይዛችሁ እንድትመጡ ተነግሯችሁ ነበር። እኔ ይበቃኛል። ወንበሮቹን ክብ አድርጉና ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ አውጡ፤ ያነሳ ሰው ዝም ይበል፣ ሌላው ያየውን ይናገር። ከወዲህ ጫፍ እንጀምራለን።